የጀበናዋ እጀታ እንዳይሰበር፦ ፖሊመር ክሌይ እንዴት ይመረጣል?

ጠያቂያችን በፖሊመር ክሌይ (በኦቨን ሙቀት በሚጠነክር ሰው ሠራሽ ጭቃ) ትንንሽ የጀበና ጉትቻዎችን እንደሚሠሩ፣ ከኦቨን ሲወጡ እንደሚያምሩ፣ ነገር ግን ብዙም ሳይቆዩ እጀታቸውና ጡታቸው እየተሰበረ ደንበኞች እንደሚመልሱባቸው ገልጸው፣ የትኛውን ክሌይ ቢገዙ እንደሚሻል ጠይቀዋል። የገዙትም በሱቁ ካሉት ሁሉ ለእጅ የለሰለሰውን እንደሆነ ነግረውኛል።

ስህተቱ ያለው ከዚህ መመዘኛ ላይ ነው። ክሌዩ በጥሬው ለጣት መለስለሱ ሥራውን ያፋጥናል እንጂ፣ ከተጋገረ በኋላ ስለሚኖረው ጥንካሬ የሚናገረው ነገር የለም። ፖሊመር ክሌይ እንደ ሸክላ ውኃው ተንኖ የሚደርቅ ሳይሆን፣ የፒቪሲ (የፕላስቲክ ዓይነት) ብናኝ፣ ማለስለሻ ፈሳሽና ቀለም የተደባለቁበት በመሆኑ፣ የሚጠነክረው በሙቀት ብናኙ እርስ በርሱ ሲዋሃድ ነው፤ ውህደቱ ከተሟላ ቀጭን ቁራጭ ሲጫኑት ይለመጣል፣ ካልተሟላ ግን ቀጭ ብሎ ይሰበራል።

ለእርስዎ ሥራ እኔ የማስቀድመው ፕሪሞ ስካልፒ የተባለውን ክሌይ ነው፤ ለማሸት አያስቸግርም፣ በትክክል ሲጋገርም ይለመጣል። ፊሞ ፕሮፌሽናልም ጥሩ ነው። ካቶ ፖሊክሌይ እጅግ ጠንካራ ቢሆንም እስኪለሰልስ ድረስ ክንድ ያዝላል፣ ክሌዩን እየዳመጠ የሚያለሰልስ ፓስታ ማሽን ለሌለው ሰው አልመክረውም። የቤልጂጉ ሰርኒትም ጠንካራ ነው፣ ነገር ግን በሞቀ እጅ ቶሎ ስለሚልፈሰፈስ ጥቃቅን ቅርጽ ሲያወጡበት ትዕግሥት ይጠይቃል። ስካልፒ ሦስት ለልጆችና ወፈር ላሉ ነገሮች ይሁን፤ ለቀጭን እጀታ አይሆንም።

ይሁን እንጂ ጥሩ ክሌይም በአጋገር ይበላሻል። ፊሞ በ110 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ ፕሪሞ በ130፣ ካቶ ደግሞ በ150 አካባቢ የሚጋገሩ ስለሆነ፣ ፕሪሞን በፊሞ ሙቀት የጋገረ ሰው መልኩ የበሰለ የሚመስል፣ ውስጡ ግን ያልተዋሃደ ጉትቻ ያወጣል። የቤት ኦቨን ማዞሪያ ላይ የተጻፈው ቁጥር ከውስጡ ሙቀት ጋር ብዙ ጊዜ ስለማይገጥም፣ ከሌላ ዕቃ ሁሉ በፊት የኦቨን ቴርሞሜትር ይግዙ። ለፕሪሞ በየ6 ሚሊሜትር ውፍረት 30 ደቂቃ ይያዙ፤ ሙቀቱ ልክ እስከሆነ ድረስ ጊዜው ቢረዝም አይጎዳም፣ ሙቀቱ ካለፈ ግን ፒቪሲው ተቃጥሎ ጉሮሮ የሚከረክር አደገኛ ጋዝ ስለሚያወጣ ኦቨኑን አጥፍተው መስኮት ይክፈቱ።

ያለዎትን ክሌይ ከመጣልዎ በፊት አንድ ሙከራ ያድርጉ። 2 ሚሊሜትር ያህል ውፍረት ያለው ጠባብ ቅጠል ዳምጠው ይጋግሩትና ፈጽሞ ሲቀዘቅዝ ቀስ ብለው ያጥፉት፤ ሲሞቅ ሁሉም ስለሚለመጥ ትኩስ ሳለ አይፍረዱ። ከተሰበረ፣ ሙቀቱን በቴርሞሜትር አረጋግጠው ሌላ ቁራጭ በእጥፍ ጊዜ ይጋግሩ። ያም ከተሰበረ ጥፋቱ የክሌዩ ነውና ይለውጡት።

ሲገዙ ማሸጊያውን በአውራ ጣትዎ ጫን ይበሉት። እንደ ድንጋይ ከደረቀ ወይም ከተፈረካከሰ፣ በፀሐይ በሚሞቅ መደርደሪያ ላይ ቆይቶ ከፊሉ በስሎ ሊሆን ይችላል፤ እንዲህ ያለውን ማለስለሻ አይመልሰውም፣ ቅናሽም ቢደረግልዎ አይግዙት። ከውጭ በሰው እጅ የሚያስመጡም ከሆነ መኪና ውስጥ ፀሐይ ላይ እንዳይተዉት ያሳስቡ።

ለጥቁሩ ጀበና መልክ ብዙ አይጨነቁ፣ ጥቁር ቀለም በአጋገር የሚመጣን የቀለም ለውጥ ይሸፍናል፤ አብሮት የሚንጠለጠለውን ነጭ ሲኒ ግን እጅዎን ታጥበው፣ ከጥቁሩ በፊት ይሥሩት፣ ሲጋገርም ፎይሉ እንዳይነካው አድርገው በአልሙኒየም ፎይል ይከልሉት፣ አለበለዚያ ነጭነቱ ይበላሻል። ማብረቂያ ካስፈለገዎ በውኃ የሚሟሟ ቫርኒሽ ይጠቀሙ፤ የጥፍር ቀለም ከክሌዩ ጋር ስለማይስማማ ከጊዜ በኋላ ይጣበቃል።