የደንገል ሕዝብ ሁሉ ተዋጊ ሲሆን

ጥያቄ፦ ባሕር ዳር ላይ አራት ሆነን በወረቀትና በዳይስ የሚና ጨዋታ (እያንዳንዱ አንድ ገጸ ባሕርይ ሆኖ የሚጫወትበት) እንጫወታለን። ዓለማችን ጣና ነው። በውኃም በየብስም የሚኖር «የደንገል ሕዝብ» ፈጥረን ጉልበቱ ላይ 2 ነጥብ ጨመርንለት። አሁን ይህን ዝርያ የመረጠ ሁሉ ተዋጊ ነው የሚሆነው፤ አስማተኛ የሚያደርገው ጠፋ። ምን እናስተካክል?

መልስ፦ 2ቱን ነጥብ አንሱት። ነጥብ የትኛው ሙያ እንደሚያዋጣ ይጠቁማል እንጂ ሕዝቡ ምን ዓይነት እንደሆነ አይናገርም። ዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ የተባለው የታወቀ የሚና ጨዋታ ሠሪዎችም በዚሁ ጉዳይ ብዙ ተመላልሰዋል፤ በ1981 (እ.ኤ.አ.) እትም ኤልፍ የተባለው የተረት ዝርያ ራሱን የቻለ ሙያ ነበር፣ በ2024ቱ ደግሞ የችሎታ ጭማሪው ከዝርያ ወጥቶ ወደ ገጸ ባሕርዩ አስተዳደግና የቀድሞ ሥራ ተዛውሯል።

በነጥቡ ምትክ ስለ አካላቸው አንድ ነገር ጻፉ፤ «ትንፋሻቸውን 10 ደቂቃ ይይዛሉ» በሉ እንበል። ከዚያ እያንዳንዱ ሙያ የለመደውን ሥራ በዚህ አካል እንዴት እንደሚሠራው አስቡ። ተዋጊው ጠላቱን አንቆ ከታንኳው ወደ ውኃ ይጎትታል። ሌባው ደንገሉ ሥር ጠልቆ ይጠብቃል። ዋናው ግን አስማተኛው ነው። ድግምት በቃል የሚባል ከሆነ ውኃ ውስጥ አፉ ተዘጋ ማለት ነው፤ ስለዚህ የዚህ ሕዝብ አስማተኛ በጣት ምልክት ይድገም። ድምፅ ስለማያሰማ ዘብ አጠገብ ቆሞ መድገም ይችላል፤ እጁ ሲታሰር ወይም መቅዘፊያ ሲይዝ ግን ምንም አይሆንለትም። የድግምቱን ጉዳትና በቀን የሚደገምበትን ቁጥር አትንኩ።

«ዳይሱን ሁለቴ ጥሎ ትልቁን ይውሰድ» የሚለውን ስጦታ ቆጥቡት። ባለ 20 ገጽ ዳይስ ውጤት ላይ የምትጨመር እያንዳንዷ ነጥብ የ5 በመቶ ዕድል ናት። 11 እና ከዚያ በላይ ለሚፈልግ ሰው ዕድሉ ከ50 ወደ 75 በመቶ ይዘላል፣ ያም 5 ነጥብ እንደ መስጠት ነው፤ 17 ለሚፈልግ ከ20 ወደ 36 ነው። ውኃ ውስጥ ላለ ሰው ብቻ ፍቀዱት።

ንዑስ ነገድ ካሰኛችሁ የጣናን የባርበስ ዓሦች ተመልከቱ፤ አንድ ሐይቅ ውስጥ 15 ያህል ዝርያ ሆነው የተለያዩት በሚበሉትና በሚውሉበት ነው። በቆዳ ቀለም ከመከፋፈል ይህ እጅግ ይሻላል።

ሲያልቅ አንዱን ገጸ ባሕርይ ሦስት ቦታ አዋጉት፦ ደሴት ዳር ውኃ ውስጥ፣ ገበያ መሃል፣ ቤዛዊት ኮረብታ ላይ። በሁለቱ ቦታ ከሌሎቹ ገጸ ባሕርያት ከበለጠ ቀንሱለት፤ በየብስ ሁለቱም ቦታ ሥራ ከፈታ አንድ የየብስ ችሎታ ስጡት። ጥልቅ የውኃ ውስጥ ከተማ ግን አትሥሩ፤ ጣና በጣም ጥልቅ በሆነበት ቦታ እንኳ 14 ሜትር ገደማ ነው።