«ጋንዲ ጦርነቱን ተቃወመ» ብለህ እንዳትጀምር

«የህንድ መሪዎች እንግሊዝን በሁለቱ የዓለም ጦርነቶች ደገፉ ወይስ ተቃወሙ? ለመመረቂያ ጽሑፌ ነው» ላልከው ወንድሜ፦ እኔም በዚሁ ርዕስ ተለብልቤአለሁና ስማኝ። ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው።

1. ጋንዲን ከመነሻው የጦርነት ተቃዋሚ አታድርገው። እኔ አድርጌ ነው ጉድ የሆንኩት። ዲፌንስ ላይ ፈታኜ «በ1918 ኬዳ ምን ሲሠራ ነበር?» አሉኝ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ። ጭጭ አልኩ። ለካ በዚያች የህንድ ገጠር አውራጃ፣ ለአንደኛው የዓለም ጦርነት፣ ለእንግሊዝ ጦር ወታደር ሲመለምል ነበር! ቀደም ሲል «ለእንግሊዝ ግብር አንከፍልም» በተባለበት ትግል ጊዜ ገበሬው ጋሪውን በነጻ ይሰጠው ነበር። ለምልመላ ሲመጣ ግን በኪራይ እንኳ የሚሰጠው ጠፋ። ስንቁን ይዞ በእግሩ ሲኳትን ከርሞ በተቅማጥ ወደቀ። ይህን ራሱ በግለ ታሪኩ ጽፎታል። መጽሐፉን ፍለጋ ቤተ መጻሕፍት ሁለት ሳምንት ተመላልሻለሁ። ሠራተኛዋ ቀና ሳትል «ነገ ና» ትለኛለች። ያገኘሁት ከተዋረድኩ በኋላ ነው።

2. ስሌቱን አሳይ። ያኔ የመሪዎቹ ሐሳብ «ዛሬ ብንረዳቸው ነገ ራሳችንን እንድናስተዳድር ይፈቅዱልናል» ነበር። ከ1 ሚሊዮን በላይ ህንዳዊ ባሕር ተሻግሮ ዘመተ። ምላሹ በ1919 መጣ፦ ያለ ፍርድ የሚያስረው የሮውላት ሕግ፣ ወዲያው አምሪትሳር ከተማ ውስጥ ባልታጠቀ ሕዝብ ላይ ጥይት። ይህ ቂም ካልገባህ 1939 አይገባህም። የእንግሊዝ እንደራሴ ማንንም ሳያማክር ህንድ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ውስጥ ገብታለች ብሎ አወጀ። የነጻነት ትግሉ ፓርቲ ኮንግረስም «እኛ ነጻ ሳንወጣ ለማን ነጻነት ነው የምንዋጋው?» አለ፤ ሚኒስትሮቹም ከየክፍለ ሀገሩ ሥልጣን ለቀቁ።

ሦስተኛው ምን ነበር... አዎ፣ «መሪዎቹ» ብለህ አትጠቅልላቸው። «የማይነኩ» የሚባሉት ወገኖች መሪ አምበድካር እንግሊዝን ደግፎ የእንደራሴው ምክር ቤት ገባ። የቀድሞው የኮንግረስ ፕሬዚዳንት ቦዝ ሾልኮ ጀርመን ሄደ፣ ኋላም ከጃፓን ጋር ሆኖ ጦር መራ።

ስለ ኮንግረሱ መሪ ስለ ኔህሩ፣ ኋላ የህንድ የመጀመሪያው ጠቅላይ ሚኒስትር ስለሆነው፣ የጻፍኩትን ግን ማንም አልነካብኝም፣ እኮራበታለሁ። ኢትዮጵያ መወረሯን ያወገዘ ሰው ነው። በ1936 በሮም ሲያልፍ ሙሶሊኒ ላግኝህ ቢለው እምቢ አለ። በ1941 መጀመሪያ የህንድ ወታደሮች ከረን ተራራ ላይ ከጣሊያን ጋር ሲተናነቁ፣ እሱ ጦርነቱን በመቃወሙ የእንግሊዝ እስር ቤት ውስጥ ነበር። ፈታኜ እዚህ ላይ ሲደርሱ መነጽራቸውን አውልቀው ደግመው አነበቡት። ያም ሆኖ ቢ ነው የሰጡኝ።