እግር ብረቱ ከብር ዕቃው ጋር ሲቀመጥ

ጥያቄ፦ የታሪክ መምህር ነኝ። በአሜሪካ ስለ ዘር ፍትሕ የሚዘጋጁ የሥነ ጥበብ ዐውደ ርእዮች መብዛታቸውን አነባለሁ። ይሁንና ፍትሕ የፍርድ ቤት ጉዳይ ሆኖ ሳለ፣ አንድ ጋን ወይም አንድ ሐውልት ለተበደለ ሕዝብ ምን ይፈይዳል?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ዕቃ ብቻውን በደልን አይክስም። ሆኖም ሙዚየም ለእይታ ያወጣውና በዕቃ ቤት የቆለፈበት ነገር፣ ሕዝቡ ምን እንዲያስታውስ እንደተፈለገ ያጋልጣል። የሥነ ጥበብ ባለሙያው ፍሬድ ዊልሰን እ.ኤ.አ. በ1992 በባልቲሞር፣ በሜሪላንድ ታሪክ ማኅበር ያሳየው ይህንኑ ነው። ዊልሰን የማኅበሩን የራሱን ስብስብ አገላብጦ አቀማመጡን ለወጠው። በአንድ የመስታወት ሣጥን ውስጥ፣ ባማሩ የብር ማንቆርቆሪያዎችና ዋንጫዎች መካከል በባርነት የተያዙ ሰዎች ይታሰሩበት የነበረውን እግር ብረት አኖረ፤ መግለጫውም «የብረታ ብረት ሥራ፣ 1793–1880» ከማለት ሌላ አንዳች አልጨመረም። ብሩ የተገዛበት ሀብት በማን ጉልበት እንደተገኘ ጎብኚው ራሱ ይደርስበታል። በሌላ ክፍል ደግሞ ከባርነት አምልጠው ባርነትን ለታገሉት ጥቁሮች ለሃሪየት ተብማንና ለፍሬድሪክ ዳግላስ፣ እንዲሁም ለጥቁሩ የሥነ ፈለክ ሊቅ ለቤንጃሚን ባነከር ባዶ የሐውልት መቆሚያዎችን አቆመ፤ ሦስቱም የሜሪላንድ ተወላጆች ሲሆኑ፣ በአንጻራቸው ሐውልታቸው የቆመላቸው ናፖሊዮንን የመሳሰሉ ሰዎች ግን ከግዛቲቱ አልነበሩም።

በእኔ ግምት መከራን ብቻ የሚያሳይ ዐውደ ርእይ ግማሽ ሥራ ነው፤ የተበደለው ሰው ባለሙያም ነበርና። በደቡብ ካሮላይና፣ ኤጅፊልድ በባርነት የኖረው ሸክላ ሠሪ ዴቪድ ድሬክ ለዚህ አብነት ይሆናል። የግዛቲቱ የ1834 ሕግ በባርነት የተያዘን ሰው ፊደል ማስቆጠርን ቢከለክልም፣ እርሱ ጭቃው ሳይደርቅ በጋኖቹ ላይ ስሙን፣ ቀኑንና ሁለት ሁለት ስንኝ ግጥም ይጽፍ ነበር። እ.ኤ.አ. ኦገስት 16 ቀን 1857 በተጻፈበት ጋን ላይ ዘመዶቹ ሁሉ የት እንዳሉ ይጠይቃል። ሸማቹ እህል ወይም ሥጋ ሊያኖርበት ጋኑን ሲገዛ ጥያቄውንም አብሮ ወሰደ ማለት ነው።

ፍርድ ቤትን ስላነሡ፣ ፍርድ ቤቱ ዝም ያለበትን ጉዳይም እንመልከት። እ.ኤ.አ. ከ1877 እስከ 1950 በአሜሪካ ከ4,400 በላይ ጥቁሮች በደቦ ፍርድ መገደላቸውን «ኢኩዋል ጀስቲስ ኢኒሺዬቲቭ» የተሰኘው የሕግ ባለሙያዎች ድርጅት መዝግቧል፤ ገዳዮቹም በአብዛኛው ለፍርድ አልቀረቡም። ድርጅቱ ዘመዶችና የየአካባቢው ነዋሪዎች ግድያው ከተፈጸመበት ስፍራ አፈር እየዘገኑ በብርጭቆ ማሰሮ እንዲያኖሩ ያደርጋል። በሞንትጎመሪ፣ አላባማ በሚገኘው ሙዚየሙ ማሰሮዎቹ በረድፍ ተደርድረው ይታያሉ፤ በእያንዳንዱ ላይ የሟቹ ስም፣ ቦታውና የተገደለበት ቀን ተጽፏል፤ የአፈሩም ቀለም ከጥቁር እስከ ቀይ እንደየስፍራው ይለያያል።