ፎርማት ከተደረገ በኋላ ስለሚጠፉ ድራይቨሮች፦ ጥያቄና መልስ

ለአሥራ አንድ ዓመት ላፕቶፕ በመጠገን ኖሬያለሁ። ወደ ጠረጴዛዬ ከሚመጡት መካከል ብዙዎቹ የተበላሹ አይደሉም። ፎርማት ተደርገው ዊንዶውስ እንደገና ሲጫንባቸው ድራይቨር፣ ማለትም ዊንዶውስ አንዱን ዕቃ እንዲያሠራ የሚያስችለው ትንሽ ፕሮግራም፣ የጎደላቸው ናቸው። ባለቤቶቻቸው ግን ሌላ ቦታ «ካርዱ ተቃጥሏል» ተብለው፣ ገንዘብ ተጠይቀው፣ ተጨንቀው ነው የሚደርሱኝ። ይህ ስለሚያንገበግበኝ ዛሬ ከሰዓት በኋላ እስከ ምሽት ድረስ ለመመለስ ተቀምጫለሁ።

ስትጠይቁ ሦስት ነገር ጻፉ፦ የላፕቶፑን ሙሉ ሞዴል፣ የዊንዶውሱን ዓይነትና ዲቫይስ ማናጀር (የላፕቶፑን ዕቃዎች የሚዘረዝረው የዊንዶውስ መስኮት) ውስጥ ቢጫ ምልክት ያለበትን ስትከፍቱ የሚታየውን የኮድ ቁጥር። አንድ ማስጠንቀቂያም አስቀድሜ ልናገር፦ «ሁሉንም ድራይቨር በአንድ ጊዜ እጭናለሁ» የሚል ፕሮግራም አታውርዱ። ይህን ዛሬ ደጋግሜ እንደምናገረው አውቃለሁ።

ተማሪ፣ ከጅማ፦ ሌኖቮ አይዲያፓድ 3 ነው። ዊንዶውስ 10 ከጫንሁ በኋላ ዋይፋይ የሚባል ነገር ጨርሶ የለም። ድራይቨሩን ለማውረድ ኢንተርኔት ያስፈልገኛል፤ ኢንተርኔት ለማግኘት ደግሞ ድራይቨሩ ያስፈልገኛል። ኮድ 28 ይላል።

መልስ፦ ጥያቄ እንዲህ ይጠየቃል። ኮድ 28 ማለት ድራይቨሩ አልተጫነም ማለት ብቻ ነው፤ ካርድህ ደኅና ነው። አንድሮይድ ስልክህን በቻርጀር ገመዱ ከላፕቶፑ ጋር አገናኝና ስልኩ ላይ «ዩኤስቢ ቴዘሪንግ» የሚለውን ክፈት። ዊንዶውስ 10 ስልኩን እንደ ኔትወርክ ካርድ ይቀበለዋል፣ ምንም ድራይቨር አይጠይቅህም። አይፎን ግን የራሱን ድራይቨር ስለሚፈልግ ለዚህ ጊዜ የጓደኛህን አንድሮይድ ተዋስ።

ገመዱን እንደሰካህ ከሁሉ በፊት ሴቲንግ ውስጥ ገብተህ ግንኙነቱን «ሜተርድ» (በልክ የሚከፈልበት) አድርገው። ካላደረግኸው ዊንዶውስ ማሻሻያዎቹን በአንድ ጊዜ ማውረድ ይጀምርና የገዛኸው ፓኬጅ ድራይቨሩን ሳታገኝ ያልቃል። ከዚያ ከአምራቹ ድረ ገጽ፣ በሞዴልህ ቁጥር ገብተህ፣ የዋይፋዩን ድራይቨር ብቻ አውርድ። ዋይፋዩ ሲሠራና ግቢያችሁ ካለው ኢንተርኔት ጋር ስትገናኝ የቀረውን ዊንዶውስ ራሱ ይፈልገዋል።

አባል፣ ከአዳማ፦ ድምፅ እምቢ አለኝ። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ሞዴል? ኮድ?

አባል፣ ከአዲስ አበባ፦ ዴል ላቲቲውድ፣ ዊንዶውስ 10። ሦስት ቢጫ ምልክት አለ፦ «ፒሲአይ ሲምፕል ኮሚዩኒኬሽንስ ኮንትሮለር»፣ «ኤስኤም ባስ ኮንትሮለር» እና «አንኖውን ዲቫይስ»። ሁሉም ኮድ 28። ሦስተኛው ምን እንደሆነ እንኳ አልታወቀም፤ እንዴት ይፈለጋል?

መልስ፦ ይህን ጥያቄ ስጠብቅ ነበር፤ ሁላችሁም አንብቡት። «አንኖውን» የሚለው ዊንዶውስ ነው እንጂ ዕቃው ማንነቱን አልደበቀም። በቢጫው ላይ ቀኝ ጠቅ አድርግ፣ «ፕሮፐርቲስ»፣ ከዚያ «ዲቴይልስ»፣ ከዝርዝሩ ውስጥ «ሃርድዌር አይዲስ» የሚለውን ምረጥ። ረጅም የፊደልና የቁጥር ድርድር ይመጣል። «ቬን» ከሚለው ቀጥሎ ያሉት አራት ምልክቶች አምራቹን ይናገራሉ፦ 8086 ካለ ኢንቴል ነው፤ ኢንቴል በፈረንጆች 1978 ያወጣውን የታወቀ ቺፕ ቁጥር መለያው አድርጎታል። 1002 ካለ ኤኤምዲ፣ 10ኢሲ ካለ ሪልቴክ። «ዴቭ» ከሚለው ቀጥሎ ያሉት አራቱ ደግሞ ዕቃው ራሱ የትኛው እንደሆነ ይለያሉ። «ሰብሲስ» የሚለው ያ ዕቃ በየትኛው ኩባንያ ላፕቶፕ፣ በምን አኳኋን እንደተገጠመ ይናገራል። እነዚህን ሦስቱን ያነበበ ሰው ማንንም መለመን አያስፈልገውም።

ወደ አንተ ስመለስ፦ የመጀመሪያው የኢንቴል «ማኔጅመንት ኤንጂን» ነው። ሁለተኛው የቺፕሴት (የቦርዱን ዕቃዎች የሚያገናኙ ቺፖች) ድራይቨር ስትጭን ይጠፋል። ሦስተኛው ላይ መለያው «ኤስኤምኦ8800» የሚል ከሆነ ላፕቶፑ ከእጅ አምልጦ ሲወድቅ ሃርድ ዲስኩ ሳይመታ እንዲያቆም የሚያስጠነቅቅ የመውደቅ መለኪያ ነው። ኤስኤስዲ (የሚሽከረከር ነገር የሌለው ዲስክ) ከገጠምህ የሚጠብቀው ነገር የለም፤ ቢጫው እንዲጠፋ ብቻ ትጭነዋለህ። ዓይተሃል? ሦስት የሚያስፈሩ ምልክቶች ነበሩ፤ አንዳቸውም ብልሽት አይደሉም።

ጠጋኝ፣ ከመርካቶ፦ ወንድሜ፣ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ፣ እኔ በድራይቨር ፓክ፣ አንተ አታውርዱ ባልኸው ሁሉንም በአንድ ጊዜ በሚጭነው ፕሮግራም፣ ስሠራ ዓመታት ተቆጥረዋል። በቀን አሥር ላፕቶፕ ይመጣልኛል። እያንዳንዱን መለያ እያነበብሁ ብቀመጥ ደንበኛዬ ጎረቤት ይሄዳል።

አባል፣ ከደሴ፦ እኔም በፓክ ነው የማስጭነው፣ ችግር አላየሁም። ኢንተርኔት በሌለበት ሌላ ምን አማራጭ አለ?

መልስ፦ ከመርካቶ የጻፍኸው የጊዜ ነገር ይገባኛል፤ እኔም ወረፋ አለብኝ። ግን ባለፈው ክረምት አንዲት የሒሳብ ባለሙያ ላፕቶፕ ይዛልኝ መጣች። ከፓክ በኋላ በስፒከሩ ድምፅ አለ፤ ጆሮ ማዳመጫ ስትሰካ ዝም ይላል። አራት ጊዜ ሰክታ ነቅላ አሳየችኝ። «ሶኬቱ ተበላሽቷል» ተብላ ቦርዱ ሊፈታ ነበር። ከዚህ በላይ የነገርኋችሁ «ሰብሲስ» የሚያስፈልገው ለዚህ ነው፦ የድምፅ ቺፑ አንድ ሆኖ ሽቦዎቹ የሚገጠሙበት መንገድ ከላፕቶፕ ላፕቶፕ ይለያያል። ፓኩ ቺፑን አይቶ ለሁሉም የሚሆነውን ጫነ፣ የአምራቹ ድራይቨር ግን የትኛው ሽቦ ወደ ማዳመጫው እንደሚሄድ ያውቃል። ያን አውጥቼ የአምራቹን ስጭን ሶኬቱ ሠራ። ያልተፈለጉ ፕሮግራሞችና ማስታወቂያዎች አብረው የሚገቡት ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። ኢንተርኔት ለሌለው የሚሆነውን ወደ ታች እነግራችኋለሁ።

አባል፣ ከባሕር ዳር፦ ይህ ሁሉ ለምን? በዊንዶውስ ፈንታ ኡቡንቱ የሚባለውን ሊኑክስ ጫኑ። ሊኑክስ አብዛኛውን ድራይቨር ከርነሉ (የሥርዓቱ እምብርት) ውስጥ ይዞ ነው የሚመጣው። ከፍላሽ ላይ ሳትጭኑት እንኳ መሞከር ትችላላችሁ።

ሒሳብ ሠራተኛ፣ ከሐዋሳ፦ የሒሳብ ፕሮግራሜን ፒችትሪን በምን ላይ ልክፈተው? የመሥሪያ ቤታችን የአሥር ዓመት መዝገብ እዚያ ውስጥ ነው።

አባል፣ ከባሕር ዳር፦ ለዚያ ቨርቹዋል ማሽን አለ፤ ዊንዶውስን ሊኑክስ ውስጥ ያስነሣል።

ሒሳብ ሠራተኛ፣ ከሐዋሳ፦ በአራት ጊጋ ራም? ወንድሜ፣ መጥተህ አሳየኝ።

አባል፣ ከአዲስ አበባ፦ ሊኑክስም ቢሆን በአንዳንድ የብሮድኮም ዋይፋይ ካርዶች ላይ ያው ለብቻው ድራይቨር ይጠይቃል፤ እኔ ሦስት ቀን ታግያለሁ።

መልስ፦ ሦስታችሁም እውነት አላችሁ፤ ግን ርዕሱ ይህ አይደለም። ከባሕር ዳር የጻፍኸው አንድ ነገር ግን ልያዝልህ፦ በሊኑክስ ፍላሽ አስነስቶ ዋይፋዩን መሞከር ዕቃው መሞቱንና አለመሞቱን የሚለይ ጥሩ ምርመራ ነው። እዚያ ከሠራ ካርዱ ሕያው ነው።

አባል፣ ከድሬዳዋ፦ ኤኤስዩኤስ፣ 11ኛ ትውልድ ኢንቴል። ዊንዶውስ ልጭን ስል «ዲስክ የለም» ይለኛል። ኤስኤስዲው ሞቶ ይሆን?

መልስ፦ አልሞተም። ከ11ኛው ትውልድ ወዲህ ብዙ ላፕቶፖች «ቪኤምዲ» የሚባል የኢንቴል የዲስክ መቆጣጠሪያ በርቶባቸው ይመጣሉ። ዲስኩ ከዚያ ጀርባ ስለሚሆን የዊንዶውስ መጫኛ አያየውም። ሌላ ኮምፒውተር ላይ የኢንቴልን «ራፒድ ስቶሬጅ» ድራይቨር አውርድ፣ ፍታውና «አይኤንኤፍ» ፋይል ያለበትን ፎልደር ፍላሽ ላይ አድርግ። መጫኛው ላይ «ሎድ ድራይቨር» ብለህ አሳየው። ያልተፈታውን የመጫኛ ፋይል ብቻ ካስቀመጥህ አያነበውም። ባዮስ (ዊንዶውስ ከመነሣቱ በፊት የሚከፈተው ማስተካከያ) ውስጥ ገብቶ ቪኤምዲን ማጥፋትም ይቻላል፤ ነገር ግን ይህን የሚያደርግ ከመጫኑ በፊት ያድርግ። ዊንዶውስ ከተጫነ በኋላ ስትነካኩት ላፕቶፑ ሰማያዊ ስክሪን ላይ ይቆማል። ተጠንቀቁ።

አባል፣ ከአዳማ፦ የድምፁን ጥያቄዬን አልመለስህልኝም።

መልስ፦ ሞዴሉንና ኮዱን አልጻፍህልኝም።

ጡረተኛ መምህር፣ ከጎንደር፦ ልጄ፣ ጤና ይስጥልኝ። ዊንዶውሱ ከተጫነ ወዲህ ድራይቨር ላወርድ የምገባበት ድረ ገጽ ሁሉ «ደኅንነቱ አስተማማኝ አይደለም» እያለ ይከለክለኛል። ቀኑን በትክክል አስተካክዬዋለሁ፤ 2018 ዓመተ ምሕረት።

መልስ፦ ጤና ይስጥልኝ አባቴ። ችግሩ እዚያው ነው። እርስዎ የሞሉት በእኛ አቆጣጠር ትክክል ነው፣ ኮምፒውተሩ ግን በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የሚያስበው። ስለዚህ ከሰባት ዓመት በላይ ወደ ኋላ ሄዷል። ድረ ገጾቹ የሚያሳዩት የደኅንነት ማረጋገጫ በቅርቡ የተሰጠ በመሆኑ፣ ለእርሱ ቀኑ ገና ያልደረሰ ወረቀት ሆኖበት ነው የሚከለክልዎት። የዊንዶውስ ማሻሻያም በዚሁ ምክንያት ይቆማል። ዓመቱን በፈረንጆቹ ያስገቡት፣ ወዲያው ይከፈታል። ላፕቶፑን አጥፍተው ቻርጀሩን ነቅለው ሲያበሩት ቀኑ እንደገና ከተዛባ ግን ቦርዱ ላይ ያለችው ትንሽ ባትሪ አልቃለች፤ እርሷን ያስቀይሩ።

አባል፣ ከመቐለ፦ ዊንዶውስ 10 ይሻላል ወይስ 11?

መልስ፦ የ10 መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 አብቅቷል። 11 ደግሞ በይፋ 8ኛ ትውልድ ኢንቴልና ከዚያ በላይ፣ ከቲፒኤም 2.0 (የደኅንነት ቺፕ) ጋር ይፈልጋል። ላፕቶፕህ ካሟላ 11 ጫን።

አባል፣ ከአዲስ አበባ፦ ዊንዶውሱን አክቲቬት የሚያደርግ ክራክ ብትልክልን?

መልስ፦ አልልክም።

አባል፣ ከአርባ ምንጭ፦ ታችፓዱ አይንቀሳቀስም። «አይቱሲ ኤችአይዲ ዲቫይስ» ላይ ኮድ 10። የታችፓዱን ድራይቨር ሦስት ጊዜ ጭኛለሁ፤ ለውጥ የለም። ኤችፒ ፓቪሊየን፣ ዊንዶውስ 11።

መልስ፦ ሠላሳ ጊዜም ብትጭነው ለውጥ አይኖርም፣ ከሥሩ ያለው ስለጎደለ። ኮድ 10 «መነሣት አልቻለም» ማለት ነው። ያንተ ታችፓድ ከቦርዱ ጋር የሚነጋገረው «ሲሪያል አይኦ» በሚባል መንገድ ነው፤ መንገዱ ካልተከፈተ ታችፓዱ ደኅና ሆኖም ዝም ይላል። ቅደም ተከተሉን ያዙ፦ መጀመሪያ ቺፕሴት፣ ቀጥሎ ሲሪያል አይኦ፣ ከዚያ ግራፊክስ፣ በኋላ ድምፅና ታችፓድ። ከጨረስህ በኋላ «ሺፍት» ተጭነህ ይዘህ «ሻት ዳውን» በል። እንዲያ ካላደረግህ ዊንዶውስ ግማሹን ሁኔታ አስቀምጦ ስለሚጠፋ አሮጌው ስሕተት ተመልሶ ይነሣል።

አባል፣ ከአዲስ አበባ፦ ኤንቪዲያ ግራፊክስ ካርድ፣ ኮድ 43።

መልስ፦ ሞዴል የለም፤ ባጭሩ ልመልስ። መጀመሪያ የኢንቴሉን ግራፊክስ፣ ቀጥሎ የኤንቪዲያውን፣ ሁለቱንም ከላፕቶፑ አምራች አውርደህ ጫን። ኮዱ ካልጠፋ ቺፑ ራሱ ታሞ ሊሆን ይችላል፤ በእጅ የሚያይ ሰው ጋ ውሰደው።

እኅት፣ ከዱባይ፦ ላፕቶፕ ለወንድሜ ልልክለት ነው፤ ኮሌጅ ገብቷል። ያገለገለ ነው፣ የበፊቱ ባለቤት ፋይሎች ስላሉበት ፎርማት ላስደርገው አስቤአለሁ። እሱ ያለበት ቦታ ኢንተርኔት ደካማ ነው። ምን ትመክረኛለህ?

መልስ፦ እኅቴ፣ በጊዜ ጠየቅሽ። ከደሴ የጠየቅኸውም መልሱ ይኸው ነው። ፎርማት ከመደረጉ በፊት አሁን የሚሠሩትን ድራይቨሮች አውጪ። ሲ ድራይቭ ውስጥ «ዊንዶውስ»፣ ከዚያ «ሲስተም32»፣ ከዚያ «ድራይቨርስቶር» ግቢ፤ ውስጡ ያለውን «ፋይልሪፖዚተሪ» የሚባል ፎልደር ሙሉውን ፍላሽ ላይ ቅጂ። ብዙ ጊጋ ሊሆን ስለሚችል ባለ 32 ጊጋ ፍላሽ ይኑርሽ። ያ ላፕቶፕ የሚፈልገው ሁሉ፣ ለእርሱ በልኩ የተሰፋው፣ እዚያ አለ።

አዲሱ ዊንዶውስ ከተጫነ በኋላ ወንድምሽ ዲቫይስ ማናጀር ውስጥ ቢጫውን ይክፈት፣ «አፕዴት ድራይቨር»፣ ከዚያ «ብራውዝ ማይ ኮምፒውተር» ብሎ ፍላሹን ያሳየው፤ ንዑስ ፎልደሮቹንም እንዲፈልግ ምልክት ያድርግበት። አንድ ሜጋባይት አያወጣም። 64 ቢት የነበረውን ግን በ64 ቢት እንዲተኩት ንገሪያቸው፤ 32 ቢት ዊንዶውስ የ64 ቢት ድራይቨር አይቀበልም። ፍላሹን ከላፕቶፑ ጋር አብረሽ ላኪለት፤ ላዩ ላይ ሞዴሉን ጻፊበት።

ሳያወጡ ለጫኑም ተስፋ አለ፦ ዲስኩ ሳይጠረግ የተጫነ ከሆነ ሲ ላይ «ዊንዶውስ.ኦልድ» የሚባል ፎልደር ይቀራል፤ ያው ድራይቨርስቶር እዚያ ውስጥ አለ። ዊንዶውስ ከአሥር ቀን በኋላ ራሱ ስለሚያጠፋው ፍጠኑ።

ጠጋኝ፣ ከመርካቶ፦ ይህ ለእኔም ይሠራል። ደንበኛ ላፕቶፑን ሲሰጠኝ ፎርማት ከማድረጌ በፊት ፎልደሩን መቅዳት ብቻ ነው።

መልስ፦ አዎ ወንድሜ። ከፓኩም ፈጣን ነው።

አባል፣ ከአዳማ፦ ይቅርታ፣ አሁን አየሁት። ዴል ኢንስፒሮን፣ 11ኛ ትውልድ፣ ዊንዶውስ 11። «መልቲሚዲያ ኦዲዮ ኮንትሮለር»፣ ኮድ 28። ያልኸውን መለያ ስከፍተው 8086 ይላል። የሪልቴክን ድራይቨር ግን ጭኜ ነበር።

መልስ፦ መልሱን ራስህ አግኝተሃል። 8086 ሪልቴክ አይደለም፣ ኢንቴል ነው። «ኢንቴል ስማርት ሳውንድ» የሚባለው ጎድሎሃል፤ ሪልቴኩ የሚቀመጠው በእርሱ ላይ ነው። የሪልቴኩን አውጣ፣ የኢንቴሉን ከዴል ድረ ገጽ በሰርቪስ ታግህ (ዴል ለእያንዳንዱ ላፕቶፕ በሚሰጠው መለያ) ፈልገህ ጫን፣ ከዚያ ሪልቴኩን መልስ። «ሺፍት» ይዘህ አጥፋ። ሲበራ ማይክሮፎኑንም ሞክርና ጻፍልኝ።

አባል፣ ከአዳማ፦ ድምፁ መጣ። ማይክሮፎኑም ይሠራል።