«ቢዝነስ አርክቴክት ሆኜ ተመደብኩ፣ ከየት ልጀምር?» ላልሽው

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሳነብ ሳቄም ንዴቴም እኩል መጣ። የግል ባንክ ውስጥ ቢዝነስ አርክቴክት፣ ማለትም ድርጅቱ ሥራውን እንዴት እንደሚሠራ የሚነድፍ ሰው፣ ተብለሻል። በስድስት ወር «ከለውጥ ጋር አብሮ የሚለወጥ ድርጅት» ንድፍ አምጪ ተብለሻል። መጀመሪያ የቶጋፍ (የድርጅት አርክቴክቸር ማዕቀፍ) ሰርተፍኬት ልውሰድ ወይስ አዲሱን መዋቅር ልሳል ነው ያልሽው። በ2017 ለውጭ ባንኮች በሩ በአዋጅ ከተከፈተ ወዲህ አለቆች ሁሉ ይሄን ዓይነት ወሬ ወደውታል። እኔ በ2014 ልክ እዚያ ወንበር ላይ ነበርኩ። የባንኩን ስም ተዪው።

1. ቶጋፉ ይቆይ። እኔም አለኝ፣ ፍሬም አስገብቼ ሰቅዬዋለሁ፣ እስካሁን ማንም አልጠየቀኝም። ለመጠሪያሽ ግን ተዘጋጂ። በተመደብኩ በሁለተኛው ሳምንት የንብረት አስተዳደር ሰዎች «የሦስተኛ ፎቅ ሽንት ቤት ግድግዳ ተሰንጥቋል፣ አርክቴክት ነህ አሉ፣ እይልን» ብለውኛል። ሄጄ አየሁላቸው።

2. መዋቅር እንዳትስዪ! ቢያንስ መጀመሪያ ላይ። እኔን ያቃጠለኝ ይሄ ነው።

ከአንድ አማካሪ ጋር ቢሾፍቱ ሆቴል ገብተን አሥር ቀን ሳጥን ስንስል ከረምን። 11 መምሪያ ወደ 7 አወረድን። ዲስትሪክት የሚባለውን እርከን አወጣነው። ወረቀት ላይ እንዴት እንደሚያምር! አናቱ ላይ «ረቂቅ» ብዬ ጽፌ የሥራ ደረጃ እንዲወጣለት ለሰው ሀብት ላክሁት። በማግስቱ በሠራተኛው ቴሌግራም ላይ ይዞራል። «ረቂቅ» የምትለውን አንዱ ቆርጧታል።

ከክልል አንድ የዲስትሪክት ሥራ አስኪያጅ ደወለልኝ። አልጮኸም። «ወንድሜ፣ የእኔ ሳጥን የታለች?» ብቻ አለኝ። የሠራተኛ ቤት ብድሩ 14 ዓመት ይቀረዋል። ከባንኩ ከወጣ ወለዱ ወደ ገበያው ዋጋ ይዘላል። እኔ እርከን መስሎኝ የሰረዝኩት የዚህን ሰውዬ ቤት ነው። ዛሬም እዚያው ወንበር ላይ ነው፣ ስንገናኝ ግን ሰላም አይለኝም።

ጎልማሶቹማ «ቢፒአር ተመልሶ መጣ» አሉ። እውነታቸውን ነው። በ2000 ዓ.ም. አካባቢ ቢፒአር፣ ማለትም የሥራ ሂደትን ከሥሩ የመለወጥ ዘመቻ፣ በመንግሥት መሥሪያ ቤት ሲዞር ማለቂያው ድልድል ነበር። ሰው ለገዛ ወንበሩ ተወዳድሯል። እናቴ ያኔ ወረዳ ነበረች። ቢሾፍቱ ከመሄዴ በፊት አንድ ቡና ጠጥቼ እሷን ብጠይቅ ኖሮ የአማካሪው ገንዘብ ይተርፍ ነበር።

ላስረዳ ወደ ሰው ሀብት ኃላፊው ሄድኩ። ተቀመጥ እንኳ አላለኝም። «አርክቴክት ማለት አንተ ነህ? የሥራ መዘርዝርህ የታለ?» መዘርዝሩን ማውጣት የነበረበት የእሱ ክፍል ነው እኮ! ከዚያ በኋላ ስምንት ወር መረጃ ነፈጉኝ። «በደብዳቤ ጠይቅ» ይሉኛል። በደብዳቤ ስጠይቅ «ይመራ» ይባላል። የተመራው ደብዳቤ የት እንደገባ ፈጣሪ ይወቀው።

3. ስለዚህ ምን ላድርግ ካልሽ፣ ደብተር ያዢ። እኔ ሥራ ስላጣሁ ነው የጀመርኩት። አንድ ቅርንጫፍ ሄጄ አንድ የብድር ፋይል ተከተልኩ። ባለሱቅ ናቸው፣ 800,000 ብር ጠይቀዋል። 31 ቀን ፈጀ። ሰው እጁን አሳርፎ የሠራበት አራት ቀን አይሞላም። 9 ቀን የጠፋው የመያዣ ግምት ኢንጂነሩ መኪና ሲጠብቅ ነው። ሌላው ፊርማ ነው። ፈራሚው ስብሰባ ላይ፣ ፈራሚው ፈቃድ ላይ።

በየውሳኔው ሦስት ነገር ጻፍኩ። ማን ይወስናል? እሱ ከሌለስ? ምን አይቶ? 43 ውሳኔ ሰበሰብኩ። ባለቤቱ ማን ነው ስል በ12ቱ ላይ ሁለት ሁለት ሰው «እኔ ነኝ» አለኝ። በ5ቱ ላይ ደግሞ ማንም አልመለሰልኝም። ከአምስቱ አንዷ «የምንዛሪ ዋጋ ማን ይወስናል» የምትል ነበረች። ያኔ ዋጋው ከብሔራዊ ባንክ ስለሚወጣ ሰዎቹ ሳቁብኝ። እኔ ግን በቀይ አስምሬ ለምክትል ፕሬዚዳንቱ ሰጠሁ። ጠረጴዛው ላይ ሦስት ወር ተኛ።

ሰኞ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ገበያው ይወስን ተባለ። ዶላር በአንድ ቀን ከ57 ብር ገደማ ወደ 74 ገደማ ወጣ። እኛ ቤት ዋጋ የሚያወጣ ሰው የለም። ሁሉም የሌላውን ባንክ ድረ ገጽ ያያል። ስልኬ ጮኸ፣ «ያቺ ደብተርህ የት ናት?» እስከ ምሳ ሰዓት ጨረስን። ሦስት ሰው ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ዋጋውን ይወስናሉ፣ አንዱ ቢቀር ሁለቱ ይበቃሉ። አንድም ሳጥን አልተነካም፣ ማንም አልተደለደለም። እስከ ዛሬ እንዲሁ ነው የሚሠራው። እዚህ ላይ ትንሽ ብኮራ አትፍረጂብኝ።

4. ሲስተም ይቀየር የሚሉ ይመጡብሻል። ሜልቪን ኮንዌይ የሚባል የኮምፒውተር ሰው በ1968 እ.ኤ.አ. እንደጻፈው፣ ድርጅት የሚሠራው ሲስተም ሰዎቹ እርስ በርስ የሚነጋገሩበትን መንገድ ይመስላል። እኛ ጋ የደንበኛ መዝገብ ሦስት ቦታ ነው፦ ቅርንጫፍ፣ ካርድ፣ ሞባይል። ለምን? ሦስቱ ክፍሎች ስለማይነጋገሩ! የፋይዳ ቁጥር ሲመጣ ሦስት ጊዜ ስናስገባ ከረምን፣ ስድቡን የጠጡት ግን የአይቲ ልጆች ናቸው።

ስድስት ወሩ አይበቃሽም፣ ይሄን አሁኑኑ በጽሑፍ አሳውቂያቸው። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት ቅርንጫፍ ተቀመጪ። የሳጥን ሥዕል በኢሜይል እንዳትልኪ፣ የግድ ካልሽ አትመሽ አሳዪና ይዘሽው ውጪ።

ለመሆኑ የማን ተጠሪ አደረጉሽ? አይቲ ሥር ከሆነ በውስጥ መስመር ጻፊልኝ፣ እሱ ሌላ ጣጣ ነው።