የዛገ የሰስፔንሽን ብሎን አልፈታ ላላችሁ፣ ጠይቁኝ

ሰላም ለሁላችሁ። ሚኒሶታ ጋራዥ ውስጥ ነው የምሰራው፣ ሙያውን የለመድኩት ግን አዲስ አበባ ስለሆነ ዳዶም (ብሎኑ ላይ የሚጠብቀው) በሉ ሮንዴላም (ከዳዶው ስር የሚገባው ቀለበት) በሉ ይገባኛል። እዚህ በረዶ በመጣ ቁጥር መንገዱ ላይ ጨው ይበተናል፣ ከመኪና ስር ያለውን ብረት ሁሉ የሚበላው እሱ ነው፣ እኔም ውሎዬ ከዛገ የሰስፔንሽን ብሎን ጋር ነው፣ ሰስፔንሽን ማለት ጎማውን ከሻሲው ጋር የሚያያይዘው ክፍል ነው። ጠይቁ እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ የ2006 ቶዮታ ፎርራነር አለኝ። የታችኛው አርም (ጎማውን የሚይዘው ክንድ) ዳዶ በሰላም ወጣ፣ ብሎኑ ግን ብመታውም ንቅንቅ አይልም። በቁልፍ ሳዞረው ትንሽ ይሄድና እንደ ላስቲክ ይመልሰኛል።

መልስ፦ ወንድሜ ይመልሰኛል ያልከው ሁሉን ነገር ነገረኝ። የተያዘው ፊሌቶው (የብሎኑ ጥርስ) ላይ አይደለም፣ ቡሺንጉ (አርሙ መጋጠሚያ ላይ ያለው ጎማ) መሀል ያለው የብረት ቱቦ ውስጥ ነው። ጨውና ውሃ ገብቶ ብሎኑና ቱቦው አንድ ብረት ሆነዋል፣ ስታዞረው ቱቦውም አብሮ ይዞራል፣ ወደኋላ የሚመልስህ ቱቦው ላይ የተጣበቀው ጎማ ነው። ስለዚህ በመዶሻ አትድከም፣ ጫፉ ይደፈጠጥና ጭራሽ በቀዳዳው አያልፍልህም። ቆርጠህ ነው የምታወጣው። መኪናውን ካቫሌቶ (የብረት መደገፊያ) ላይ አስቀምጥ፣ በክሪክ ብቻ እንዳትገባ አደራ። የአላይመንቱን ካም (የጎማውን አቀማመጥ የሚያስተካክለውን ክብ ብረት) ምልክት አድርግበት፣ ከዛ በቡሺንጉና በሻሲው ማቀፊያ መሀል ባለችው ቀጭን ክፍተት የኤሌክትሪክ መጋዝ አስገብተህ ሁለቱንም ጎን ቁረጥ። ምላጩ የብረት ይሁን፣ ቀስ እያልክ ዘይት እየነካካህ፣ ከቸኮልክ ማቀፊያውን ትቆርጠዋለህ እሱ ደግሞ ብየዳ ነው የሚፈልገው። አዲስ ብሎን፣ ካምና ቡሺንግ እጅህ ሳይገባ መጋዙን አታንሳ። ሲያልቅ አላይመንት ግድ ነው።

ጥያቄ፦ ከአዲስ ነኝ። ደብሊውዲ ፎርቲ ሁለት ቀን ረጨሁ ምንም የለም። ሌላ ምን አለ?

መልስ፦ እሱ ለዚህ ስራ ደካማ ነው። የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይትና አሴቶን እኩል በእኩል ቀላቅል፣ ቶሎ ስለሚለያዩ በተጠቀምክ ቁጥር በጥብጠው፣ እሳት አጠገብ እንዳይደርስ፣ ጎማና ቀለምም እንዳይነካ። ግን መጀመሪያ ፊሌቶውን በሽቦ ብሩሽ አጽዳ፣ አፈርና ዝገት የሸፈነው ፊሌቶ ምንም አያስገባም። ማታ አድርግበት፣ ጠዋት ድገመው። ቡሶላው (ዳዶውን የሚያቅፈው ክብ ቁልፍ) ባለ 6 ጎን ይሁን፣ ባለ 12ቱ ዳዶውን ይልጠዋል። ከመፍታትህ በፊት ደግሞ ትንሽ ወደ ማጥበቂያው ግፋው፣ ጢቅ ሲል ትሰማዋለህ፣ ከዛ ሩብ ዙር ፍታ፣ መልሰህ አጥብቅ፣ እንደገና ፍታ። ቀይ ዱቄት ከፊሌቶው መውጣት ሲጀምር እየለቀቀ ነው ማለት ነው። ከከበደህ ዘይት ጨምርበት፣ በጉልበት ከቀጠልክ ይበጠሳል።

ጥያቄ፦ በእሳት ማሞቅስ?

መልስ፦ ይሰራል፣ ግን የምታሞቀው ዳዶውን እንጂ ብሎኑን አይደለም፣ ዳዶው ሲሰፋ ነው የሚለቀው። ትንሽ ቀዝቀዝ ሲል ሻማ አስነካው፣ ሰሙ ቀልጦ ፊሌቶው ውስጥ ሲገባ ታየዋለህ። አሞርዛተር (የመኪናውን ንጥረት የሚያበርደው ቱቦ) አጠገብ እሳት በጭራሽ፣ ውስጡ ዘይትና የታመቀ ጋዝ ስላለ ይፈነዳል። የፍሬን ቱቦና ነዳጅ አጠገብም እንደዛው። በብሬክ ክሊነር የታጠበ ብረትም አታሙቁ፣ ክሎሪን ያለው ዓይነት ሲሞቅ ሳንባ የሚያቃጥል ገዳይ ጋዝ ይሆናል፣ ይሄን እባካችሁ ለሌላውም ንገሩ።

ጥያቄ፦ አይሱዙ ነው የምነዳው፣ ከአፍዴራ ጨው እጭናለሁ። የባሌስትራው (የብረት ንጣፍ ሞላው) ዩ ቦልት፣ ማለትም ከአክሰሉ ጋር የሚያስረው የታጠፈ ብሎን፣ ዳዶው አልፈታ አለ።

መልስ፦ ጌታዬ አትፍታው፣ ቁረጠው። ዩ ቦልት አንዴ ከተፈታ ተመልሶ አይገባም፣ ስለተሳበ ድጋሚ አያስተማምንም። ሻሲውንም አክሰሉንም ደግፈህ በግራይንደር ቁረጥ፣ መነጽር አድርግ። አዲሱን በመስቀል እየቀያየርክ አጥብቅ፣ ጥቂት ቀን ከሰራህ በኋላ ድገመው፣ ይላላልና። ጨው ካራገፍክ በኋላም ስሩን በንጹህ ውሃ እጠበው።

ጥያቄ፦ የስታቢላይዘር ሊንክ (መኪናው እንዳያዘነብል የሚያደርገውን ዘንግ የሚያያይዘው አጭር ብረት) ዳዶ ስፈታ መሀሉ አብሮ ይዞራል።

መልስ፦ እህቴ ብዙውን ጊዜ ጫፉ ላይ የአለን ቁልፍ ቀዳዳ አለው፣ እሱን ይዘሽ ዳዶውን ፍቺ። ቀዳዳው ከተበላ ቁረጪው፣ ሊንክ ርካሽ ነው።

ጥያቄ፦ ቴስቲና (ኳስ ያለው መጋጠሚያ) በሹካ ላውጣ?

መልስ፦ የሚጣል ከሆነ አውጣ። መልሰህ የምትገጥመው ከሆነ ሹካው ላስቲኩን ይቀደዋል። ዳዶውን ጥቂት ጥርስ ላይ ተወው፣ ከዛ ቴስቲናው የገባበትን ብረት ጎኑን በከባድ መዶሻ አንድ ሁለቴ ምታ፣ ራሱ ዱብ ይላል።

ጥያቄ፦ ስመልሰው ግሪስ ልቀባ?

መልስ፦ ቡሺንጉ ውስጥ የሚያልፈውን ለስላሳውን የብሎን አካል አንቲሲዝ (ብረት እንዳይጣበቅ የሚያደርግ ቅባት) ቀባው፣ የሚጣበቀው እዛ ነውና። ፊሌቶውን ግን ደረቅ ተወው፣ ከተቀባ በዛው የቶርክ (የማጥበቂያ ኃይል) ቁጥር ከልክ በላይ ይጠብቃል። ደግሞ የቡሺንግ ብሎን መጨረሻ የሚጠብቀው መኪናው በአራት ጎማው መሬት ላይ ቆሞ ነው። ተንጠልጥሎ ካጠበቅከው፣ ስታወርደው የቡሺንጉ ጎማ ተጠምዝዞ ይቀርና ቶሎ ይቀደዳል።