ስንት ችግኝ ልግዛ ለምትሉኝ

ልጆቼ፣

ሰኔ ሲቃረብ ስልኬ እረፍት የለውም። «ጋሼ፣ ከአባቴ የተካፈልኩት ሁለት ቃዳ መሬት አለኝ፤ አቮካዶ ልተክልበት ነው፤ ስንት ችግኝ ልግዛ?» ትሉኛላችሁ። መጠየቃችሁ ደስ ይለኛል፤ ግን ሁልጊዜ ከመጨረሻው ትጀምራላችሁ። ጎጃም ውስጥ ሜጫና አካባቢው ላይ ከ30 ዓመት በላይ በፍራፍሬ ባለሙያነት ስዞር፣ ችግኝ አንሶት የከሰረ ሰው አላጋጠመኝም።

ቁጥሩ ቀላል ነው። ሁለት ቃዳ ግማሽ ሄክታር ነው፤ በዛፍና በዛፍ መካከል 7 ሜትር ከተተወ መቶ ገደማ ይይዛል። ችግኙ ገና ክንድ ስለማይሞላ ባዶው ቦታ ያስቆጫል። ቆጭቶት መሃል ለመሃል የጨመረ ሰው አውቃለሁ፤ ዛሬ ቅርንጫፉ ተጠላልፎ ፍሬው በመሰላል የማይደረስበት አናት ላይ ብቻ ነው።

ከባዱ ውሃው ነው። በእኛ አገር ከኅዳር እስከ ሚያዝያ ድረስ ሰማይ ተስፋ አይጣልበትም። ለአንድ ችግኝ በሳምንት ሁለት ጀሪካን ብታስቡ፣ መቶው ችግኝ 4,000 ሊትር ይጠጣል። የቆጋ መስኖ ቦይ የሚደርሳችሁ ተራችሁን ጠብቃችሁ ትለቁበታላችሁ፤ የማይደርሳችሁ ግን ያንን ውሃ ማን እንደሚሸከመው አሁኑኑ ተነጋገሩ። ብዙ ጊዜ የሚሸከሙት እናትና እህት ናቸው፤ በእቅዱ ላይ ግን ስማቸው የለም።

እኔም ውሃ ፍለጋ ነው የተሳሳትኩት። የዛሬ 15 ዓመት ገደማ ለራሴ 60 ዛፍ ስተክል፣ ወንዙ ዳር ያለውን ጥቁር መሬት መረጥኩ። የጎረቤቴ አዛውንት አጥሩን ተደግፈው፣ «ልጄ፣ እዚህ ቦታ እኮ ነሐሴ ላይ በሬ ይሰምጣል» አሉኝ። ባለሙያ ነኛ! ሳቅ ብዬ አለፍኳቸው። ሁለት ዓመት አማረልኝ። በሦስተኛው ክረምት ቅጠሉ አነሰ፣ ገረጣ፤ ቅርንጫፉም ከጫፉ ወደ ታች እየደረቀ መጣ። ማዳበሪያ ያነሰው መስሎኝ ጨመርኩ። በመጨረሻ አንዱን ሥር ቆፍሬ ሳየው፣ ነጣ ማለት የነበረባቸው ቀጫጭን ሥሮች ጠቁረዋል፤ በጣቴ ስነካቸው እንደ ከሰል ይሰበራሉ። ፋይቶፍቶራ የሚባለው የሥር አበስብስ ነበር። ውሃ ባቆረ አፈር ውስጥ ይራባል፤ በጎርፍና በዶማ ላይ በቀረ ጭቃ ይዛመታል፤ አንዴ ከገባ ደግሞ ከአፈሩ አይወጣም። ከ60ው የተረፉት 11 ናቸው፤ እነሱም ከፍ ያለው ጥግ ላይ የነበሩት።

ስለዚህ ከሁሉ በፊት 60 ሳንቲሜትር ቆፍሩና ማታ ውሃ ሙሉበት። የመጀመሪያውን ደረቁ አፈር ይጠጣዋልና ደግማችሁ ሙሉት። ጠዋት ውሃው እንደቆመ ካገኛችሁት፣ ቦታውን ለሌላ ነገር ተዉት። ቀዩ መሬት አብዛኛውን ጊዜ ያሳልፋል፤ ጥቁሩ ዋልካ ግን አያሳልፍም።

ችግኙን የተዳቀለ ግዙ፤ ከታች የአገር አቮካዶ፣ ከላይ ሃስ የሚባለው ዝርያ የተገጠመበት። በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ዓመት ፍሬ ያሳያችኋል፤ ከዘር የበቀለው ከዚያ በላይ ያስጠብቃል፣ ፍሬውም እናቱን ላይመስል ይችላል። የተገጠመበት ቦታ ከአፈር በላይ ይሁን። ከአሥሩ አንዱ ደግሞ ኢቲንገር ወይም ፉዌርቴ የሚባለው ዝርያ ይሁን። የሃስ አበባ ጠዋት እንደ ሴት ይከፈትና በማግስቱ ከሰዓት እንደ ወንድ ይከፈታል፤ የእነዚህ የተገላቢጦሽ ስለሆነ የአንዱ ወንድ የሌላውን ሴት ያገኛል። አገናኛቸው ንብ ናት፤ ስለዚህ በአበባ ጊዜ ጸረ ተባይ የሚረጭ ሰው ከእኔ ጋር አይስማማም።

ፍሬው እስኪመጣ ምን ትበላላችሁ? ይህን ስጠይቅ ብዙዎቻችሁ ዝም ትላላችሁ። በመሃሉ ቦሎቄ ዝሩ፣ ሽንኩርት ትከሉ። ድንች፣ ቲማቲምና ቃሪያ ግን አታስገቡ፤ ለአቮካዶም የሚተርፍ አጠውላጊ በሽታ በአፈሩ ውስጥ ያራባሉ። አጥር ከችግኝ ይቀድማል፤ አዝመራ ከተሰበሰበ በኋላ ከብቱ ልቅ ሲሆን፣ የሁለት ዓመት ልፋት የአንዲት ፍየል ቁርስ ነው።

ደላላው የሚመጣው ፍሬው ገና ዛፍ ላይ እያለ ነው። «በጅምላ ልውሰደው» ይላችኋል፤ ዋጋውም ያማልላል። አቮካዶ ዛፍ ላይ እያለ አይበስልም፤ ለመቆረጥ መድረሱን በዓይን ማወቅም ያታልላል። ከትልልቆቹ ሦስት ቆርጣችሁ ቤት አስቀምጡ። በአሥር ቀን ውስጥ ለስልሶ ከተበላ ደርሷል፤ ከተጨማደደና እንደ ጎማ ከሆነ አልደረሰም። ያልደረሰ የሸጠን ሰው ገዢው በሚቀጥለው ዓመት ስልኩን አያነሳለትም። ስትቆርጡም በመቀስ፣ ትንሽ አንጓ አስቀርታችሁ ነው እንጂ ጎትታችሁ አይደለም።

ይኸው ነው። ዛሬ ማታ ጉድጓዱን ሙሉና ጠዋት ያያችሁትን ደውላችሁ ንገሩኝ፤ ስለ ችግኙ ቁጥር ያኔ እናወራለን።